በመበለት ድንጋይ ላይ የበቀለው

ናሞንዶ የተናደደች ቀን በባሕር ዳርቻዋ ከተማ ያለው የመኪና ተራ በሙሉ ያውቃል። ሾፌሮቹ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካት?» ይባባላሉ፤ ዓሣ ሻጮቹ ጥላቸውን አጠፍ አድርገው ያሳልፏታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ናሞንዶ ያለ ምክንያት ተናዳ አታውቅም። ምክንያትስ ሁልጊዜ አላት፤ የጎደላት የሚሰማት ሰው ነው።

ሥራዋ በከተማዋ የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር ውስጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችውም ይህንኑ ነው። ትምህርቷ ዛፍ ወይም አበባ ቢሆን ኖሮ ሰው ይገባው ነበር። እሷ ግን የያዘችው እርጥብ ድንጋይና የወደቀ ግንድ ላይ የሚለጠፈውን ደቃቅ አረንጓዴ፣ የድንጋይ ሽበት የሚሉትን ነው። «ፍየል እንኳ ለማይበላው ነገር ነው ይህን ሁሉ ዓመት ቀለም የቆጠርሽው?» ይሏታል ዘመዶቿ። እሷም ፍየልን አማክራ እንዳልተማረች ትመልስላቸዋለች።

ላላየው ሰው ሁሉም አንድ ነው፤ ድንጋዩ አረንጓዴ ሆነ፣ በቃ። ናሞንዶ ግን ለዓመታት ወረቀት ውስጥ ደርቃ የከረመችውን ቅንጣት አውጥታ ውሃ ጠብ ታደርግባትና ቅጠሏ ተመልሶ ሲዘረጋ ትጠብቃለች። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ የቅጠሉን ጠርዝ፣ የመሐል ጅማቱን፣ ጫፉን ትመረምራለች። አብረዋት የሚሠሩት ያን ጊዜ አያናግሯትም።

ባሏ ሞሉዋ የቦንዳንጄ ሰው ነበር። ቦንዳንጄ ከተራራው ግርጌ ያለች የቆላ መንደር ናት፤ እዚያ ልብስ ታጥቦ ሲሰጣ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱትና የሚያጥቡት በትልልቅ ጥቋቁር ድንጋዮች መካከል ነው። ሞሉዋና ናሞንዶ ገና ሲተጫጩ እነዚያ ድንጋዮች ላይ ይቀመጡ ነበር፤ እሱ ያወራል፣ እሷ በጥፍሯ አረንጓዴውን ቆንጥራ ወረቀት ውስጥ ትጠቀልላለች። «የኔዋ ሙሽራ አበባ ቢሰጧት ድንጋዩን ትፍቃለች» እያለ ይስቅባት ነበር። ከተጋቡ በኋላም ሳቁ አልቀረም። ትኩሳት ይዞት በአንድ ሳምንት ውስጥ እስኪሞት ድረስ አልቀረም።

እንግዲህ በቦንዳንጄ፣ በቦንዳንጄ ብቻ፣ አንድ ልማድ አለ። የላይኞቹ መንደሮች አያውቁትም። ባሏ የሞተባት ሴት ውሃው ከሚታጠፍበት በላይ ባለው ድንጋይ ላይ፣ መንደሩ ሥራ በሚያርፍበት ቀን ሁሉ፣ ከንጋት ጀምራ ፀሐይ ውሃውን እስክትነካ ድረስ ትቀመጣለች። ዝናብ ሄዶ ዝናብ እስኪመለስ እንዲህ ናት። ራሷን በጥቁር ጨርቅ አስራ፣ በባዶ እግሯ፣ ከድንጋዩ ወርዳም እግሯን እስክትታጠብ ድረስ አንድ ቃል ሳትተነፍስ። በዚያ ዓመት ያን ድንጋይ ከእሷ ፈቃድ ውጪ ሴት አይነካውም፤ ወንድ ጭራሽ አይጠጋውም። ዓመቱ ሲሞላ እግሯ ላይ ውሃ ይፈሳል፤ ነጻ ወጣች ይባላል። ድንጋዩን የምትረከብ ሌላ መበለት ከሌለች ሴቶቹ ተሰብስበው ፈግፍገው ያጥቡታል። ሚስቱ የሞተችበት ወንድስ? ለእሱማ የዘንባባ ጠጅ ይቀዳለታል፤ «አይዞህ፣ ሌላ ትመጣለች» ይባላል። ለወንድ የተቀመጠ ድንጋይ የለም። ይህ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ከናሞንዶ በፊት አልነበረም።

የጠየቀችውም የሞሉዋን አክስት ኢያ ኤፌቲን ነው። የመንደሩ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ ኢያ፣ እናት ማለት ነው፣ ሳይል ስማቸውን የሚጠራ የለም። ናሞንዶ ሐዘኗ ገና ትኩስ ሳለ ፊታቸው ቆማ «ሞሉዋን ወንበር ላይ ሆኜም ማልቀስ እችላለሁ» አለቻቸው።  «እንግዲያው ወንበርሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉ ኢያ ኤፌቲ። ሄደች። ከመንደሩ ሰው ማንም አልሸኛትም፣ እሷም ዞር ብላ አላየችም።

ከዓመታት በኋላ በማኅደሩ ውስጥ የቆዩ ጥቅሎችን ስታስተካክል ያ የመተጫጨት ዘመን ወረቀት እጇ ገባ። ልትጥለው አሰበች፤ አልሆነላትም። ውሃ ጠብ አደረገችበት። ቅጠሉ ተዘረጋ። ጎንበስ ብላ አየችና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች። ጠርዙ፣ ጅማቱ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ፍሬ መሳይ እንክብሎች፣ ሁሉም አንድ ድሮ የታየና ከዚያ ወዲህ ማንም በሕይወት ያላገኘው ዝርያ ይመስላል። ጫካው ሁሉ ተቆርጦ የዘይት ዘንባባ እርሻ ሲሆን ጠፋ የተባለው ነው።

ይመስላል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በየወንዙ የሚገኝ አንድ ተራ ዘመድ አለው፤ በቅጠል ቢያስተያዩአቸው መንታ ናቸው። የሚለያዩት በዘር ሙዳያቸው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከቅጠሎቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ሙዳይ፣ ሙዳይዋም ላይ ቆብ። ሲበስል የቆቡ ጠርዝ ልሙጥ ከሆነ ተራው ነው። ጠርዙ እንደ ጃንጥላ ዘርፍ ካለው ግን ብርቁ ነው።

ስለዚህ ናሞንዶ ኩራቷን ዋጠችና ወደ ቦንዳንጄ ተመለሰች። ለሦስት ዓመት፣ ዝናብ በገባ ቁጥር፣ እነዚያ ድንጋዮች አጠገብ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ትንበረከካለች። ሴቶቹ ውሃ እየቀዱ ያዩዋታል። በሙዝ ቅጠል የተቀቀለ ጎደሬ ይሰጧታል፣ ትበላለች፣ ታመሰግናለች። ምን እንደምታይ ሲጠይቋት ግን «ድንጋዩን» ትላቸዋለች። እውነቱን ብትነግራቸው ይስቁብኛል ብላ ነው፤ ወይም ቆንጥረው ለባሕል መድኃኒት ሻጭ ይሸጡታል ብላ። ቂሙም ነበረበት፣ ምን ይደበቃል። ሁለቱን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ጎርፍ እየሆነ ዘንጎቹን ጠርጎ ወሰዳቸው።

በሦስተኛው ዓመት ሌላ ጉድ መጣ። ለአዲሱ መንገድ ጠጠር የሚያስፈልገው የሥራ ተቋራጭ ዓይኑን እነዚያ ድንጋዮች ላይ ጣለ። ድማሚት ተቀብሮ ሊፈነዱ ነው። ሴቶቹ ውሃችን አሉ፤ የሰማቸው የለም። ናሞንዶ ግን አንድ መንገድ ታውቅ ነበር፦ ያ ዝርያ እዚያ መኖሩ ከተረጋገጠ ቦታው አይነካም፣ ሕጉ ይህን ይላል። የሚያረጋግጠው አጣሪ ቡድን ደግሞ በዶክተር ንዶኮ ይመራል።

ንዶኮን ታውቀዋለች። አንድ ክፍል ነበሩ፤ የቅጠል ሥዕል ፈተና ሲመጣ ከእሷ ነበር የሚገለብጠው። አሁን ጠረጴዛው ሰፍቷል። ከጥቅሉ ያዘጋጀችውን ስታሳየው በደንብ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ናሞንዶ፣ ቅጠል ቅጠል ነው። ያለ ሙዳዩ ስም አይሰጥም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።» ታውቀዋለች። እስከዚህ ድረስ አልተናደደችም። የተናደደችው ቀጥሎ ባለው ነው። «በዚያ ላይ የባልሽ አገር ነው። ሰው የሚፈልገውን ያያል። በድንጋዩ ላይ በሕይወት እንዳለ በገዛ ዓይኔ ካላየሁ የአንቺን ቃል ይዤ መንገድ አላስቆምም» አላት።

የአንቺን ቃል! ባለፈው ዓመት አንድ የባሕር ማዶ ጎብኚ የእንቁራሪት ፎቶ ቢልክለት ከወንበሩ ሳይነሣ የተቀበለ ሰው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ናሞንዶ ከቢሮው እስከ መኪና ተራ ድረስ ብቻዋን እያወራች ሄደች፤ ዓሣ ሻጮቹም ጥላቸውን አጠፉ።

ዝናቡ ዘንድሮ በደግነት ገባ። ዘንጎቹ ወጡ፣ ቆቦቹ ግን ገና ስላልበሰሉ ጠርዛቸው አይለይም። አንዱንም አልነካችም። የሚበስሉበትን ገምታ ለንዶኮ ቀን ቆረጠችለት፤ ለኢያ ኤፌቲም «ትልልቅ እንግዶች ድንጋዮቹን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ካማራቸው ድማሚቱ ይቀራል» ብላ ነገረቻቸው። ድንጋዮቹን አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

በቀኑ ከአጣሪዎቹ ጋር በአንድ መኪና መጣች። ጎርፍ ድልድዩን ይዞት አርፍደው ደረሱ። ገና ከሩቅ ዘፈን ተሰማ። የመንደሩ ሴቶች አንድ ዓይነት ሽርጥ ታጥቀው፣ ምግቡን በቅጠል ሸፍነው፣ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ከኋላቸው ድንጋዮቹ ያበራሉ። በአሸዋና በኮኮናት ቃጫ ተፈግፍገው፣ ጥቁርነታቸው እንደ ተቀባ ድስት ወጥቶ፣ ንጹሕ፣ ለምለም የተባለ ነገር የሌለባቸው። በቦንዳንጄ የእንግዳ እግር ያንሸራተተ ድንጋይ ለሰባት ቤት ስድብ ነው፤ ስለዚህ ለትልቅ እንግዳ ውሃው ዳር ይታጠባል። አዲሱ አለቃ ሲሾም ከታጠበ ወዲህ እንዲህ ታጥቦ አያውቅም ብለው ነገሯቸው፣ በኩራት።

ናሞንዶ ወደ ድንጋዮቹ ሮጠች። ተንበረከከች፣ በእጇ ዳሰሰች፣ ስንጥቆቹን በጥፍሯ ፈለገች። ዶክተር ንዶኮ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። «የታለ ታዲያ?» አለ። ክፉ ቃል አይደለም፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር ያለው።

ተነሥታ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ምን አደረጋችሁ? ምን አደረጋችሁ እናንተ ሰዎች?» ድምጿ ተሰባበረ። ከዚያ ለሦስት ዓመት ያልተናገረችውን ሁሉ አንድ ላይ ተናገረችው፦ ፈልጋ የመጣችው ድንጋዩን ሳይሆን ላዩ ላይ የነበረውን እንደሆነ፣ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ ቦታ እንደማይታወቅ፣ ድማሚቱን የሚያስቆመው እሱ ብቻ እንደነበረና እነሱ በገዛ እጃቸው ፈግፍገው ውሃ እንዳስወሰዱት። ዘፈኑ ቆመ። አንዷ ሴት ቃጫውን ከእጇ ጣለች።

ኢያ ኤፌቲ ግን ወደ ፊት ወጡ። «ያንን አረንጓዴ ነው? እኛ ድንጋዩን መስሎን» አሉ በዝግታ። «ድንጋዩ እንዲያምራቸው፣ እንዲተዉልን ብለን ወገባችን እስኪቆረጥ ፈገፈግን። ሦስት ዓመት አጠገባችን ተንበርክከሽ፣ ጎደሬያችንን በልተሽ፣ ምን እንደምታዪ አንድ ቀን ነግረሽናል?»

«ብነግራችሁ ትስቁብኝ ነበር።»

«እንስቅ ነበር። ስቀን ስናበቃ ደግሞ ዙሪያውን እናጥብ ነበር።»

 የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ንቀት አንገበገበኝ ስትል የከረመችው ናሞንዶ እሷም በበኩሏ ሌሎችን ንቃ እንደነበር አሁን ገባት፤ መግባቱ ግን ንዴቷን አባሰው እንጂ አላበረደውም። ንዶኮ ሰዓቱን አየ፣ መኪናው እንዲዞር ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ራቅ ብላ ብቻዋን የቆመች አንዲት ልጅ እግር ሴት ተናገረች። ሊሙንጋ ትባላለች፤ ባሏ ዘንባባ ላይ ጠጅ ሲቀዳ ወድቆ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሐዘን ላይ ያለች ከሌሎች ጋር አታጥብም። «የኔ ድንጋይ አልታጠበም» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። የመበለት ድንጋይ ከመታጠፊያው በላይ፣ በጥላው ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ቃጫ ሳይነካው ነው የከረመው። ናሞንዶ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደዚያ አልሄደችም፤ በእልህ።

ንዶኮ እርምጃ ሲጀምር ሴቶቹ መንገዱን ዘጉ። ወንድ አይሄድም። የሕግ ሰው ነኝ ቢል፣ ቡድኑን ቢጠራ፣ አልተነቃነቁም። ናሞንዶ ወደ ሊሙንጋ ስትሄድ ደግሞ ኢያ ኤፌቲ አስቆሟት። «ያ ድንጋይ የሚቀመጡበት ነው እንጂ የሚጎበኙት አይደለም። ለሞሉዋ ያልተቀመጠች ዛሬ ለአረም ልትቀመጥ ነው?»

ይህ ነገር እስከ አጥንቷ ገባ።  እንዴት አድርጋ ትናገር! ሞሉዋን ያላለቀሰችበት ሌሊት እንዳልነበረ፣ ያላለቀሰችው እነሱ ባሉት ቦታና እነሱ ባሉት ሰዓት ብቻ እንደነበረ፣ ለማን ታስረዳ?

ሊሙንጋ ጣልቃ ገባች። «ኢያ፣ ዘንድሮ ድንጋዩ የኔ ነው። እኔ ፈቅጃለሁ። ደንቡን ከጠበቀች ትቀመጥ።» ራሷ ላይ ያሰረችውን ጥቁር ጨርቅ ፈታችና ዘረጋችላት።

ናሞንዶ ጫማዋን አወለቀች። ጨርቁን አሰረች። ከመታጠፊያው በላይ ወጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ቀዝቃዛ ነበር። በጎኑ በኩል ጎንበስ አለችና አየችው። ድንጋዩን ከላይ እስከ ውሃው ጠርዝ አልብሶታል፤ ዘንጎቹ እልፍ ናቸው፣ በስለዋል። መነጽሯን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ቆብ፣ የቆቡም ጠርዝ ዙሪያውን ዘርፍ።

«አገኘሽው? ዘርፍ አለው ወይ?» ብሎ ንዶኮ ከታች ጮኸ። እሷ ግን መልስ መስጠት አትችልም፤ ድንጋዩ ላይ ያለች አትናገርም። በሕይወቷ ሙሉ ልትጮኸው የፈለገችውን ቃል ዋጠችው። አንዲት ዘንግ ብቻ ከነቅጠሏ ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና ወደ መታጠፊያው ወረደች።

ንዶኮ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሊሙንጋ ከለከለችው። «ከዚያ ድንጋይ የመጣ ነገር በወንድ እጅ አይያዝም፤ እጇ ላይ እንዳለ እዩት» አለችው። ዶክተሩ ዙሪያውን አየ፤ ሴቶቹ፣ ቡድኑ፣ ሾፌሩ ሳይቀር እየጠበቁ ነው። መነጽሩን አወጣ። ከዚያ ያ ሰፊ ጠረጴዛ ያለው ሰው ወገቡን አጥፎ በመበለት መዳፍ ላይ ጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፈገግታው ጠፍቷል። «ዘርፍ አለው። ራሱ ነው» አለ። ናሞንዶ በመኪናው ውስጥ መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችውን ንግግር አንዱንም አልተናገረችም፤ እግሯን ገና አልታጠበችም ነበር።

እግሯን ስትታጠብ ግን ነገሩ እንዳላለቀ ታየ። ሊሙንጋ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ዓመቷ ይሞላል፤ ድንጋዩም ይፈገፈጋል። ድሮ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አንዱ ድንጋይ ሲታጠብ ሽበቱ ከጎረቤቱ ይዘራበታል፣ አለቃ ሲሾም ሁሉም ሲታጠቡ ደግሞ ከመበለቷ ድንጋይ ተመልሶ ይወርድላቸዋል። አሁን የቀረው ያ አንዱ ብቻ ነው። ዶክተር ንዶኮ አገጩን አሻሸና መፍትሔ አመጣ፦ «ታዲያ ልጅቱ አንድ ዓመት ብትጨምር ምን አለበት? ለጥሩ ነገር ነው።»

አሁን ናሞንዶ እግሯን ታጥባ ጨርሳለች። ድምጿ እስከ ላይኞቹ መንደሮች ተሰማ ይላሉ። «አንተ ና ተቀመጥ! ጫማህን አውልቅና ና! አንድ ዓመት አፏን ዘግታ የኖረች ልጅ፣ ያንተ ዓይን እስኪያምን ድረስ ደግሞ ሌላ ዓመት? እናንተ ሁሉ መንገድ ሲፈለግ ድንጋይ ታፈነዳላችሁ፣ ሽበት ሲፈለግ ሴት ታስቀምጣላችሁ። እሷ ነጻ ትወጣለች። በተባለው ቀን፣ አንድ ጠዋት ሳይጨመርባት!»

«ድንጋዩስ?» አሉ ኢያ ኤፌቲ።

ናሞንዶ ትንፋሿን ሰበሰበች። ጥቁሩን ጨርቅ ገና ከራሷ አልፈታችውም። «ከመበለት ወደ መበለት የተላለፈ ድንጋይ አይታጠብም አይደል ደንባችሁ?»

«አይታጠብም።»

«እንግዲያው ያለብኝ አንድ ዓመት አለ» አለች።

ኢያ ኤፌቲ ቀረብ ብለው የጨርቁን ቋጠሮ አጠበቁላት። በሚመጣው የዕረፍት ቀን ሊሙንጋ እግሯ ላይ ውሃ ፈሰሰላት፣ ባለቀለም ሽርጥ ታጠቀች፣ እየዘፈነችም ሄደች። ናሞንዶ ከከተማ በሌሊት መኪና መጥታ ቦታዋን ያዘች። ተቋራጩም ጠጠሩን ከሌላ ቦታ እንዲፈልግ ተነገረው።

ከዚያ ወዲህ በየዕረፍት ቀኑ እዚያ ናት። ስትመለስ ድንጋዩ ላይ ዝም ያለችውን ጨምራ ትናገራለች ብለው የመኪና ተራ ሾፌሮች ያማርራሉ። «ልማዱን ተቀብዬ እንዳይመስላችሁ» ትላለች ለሚሰማት ሁሉ። «ክፉ ልማድ ነው፣ ነበረም። ሞሉዋን ያለቀስኩት ወንበር ላይ ነው፤ ይህ ለሽበቱ ነው።» በድንጋዩ ላይ ሆና ግን አንድ ጠዋት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ሴቶች አይተዋታል። ኢያ ኤፌቲም አይተዋታል። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ ድንጋዩ ላይ ካለች ሴት ጋር በቦንዳንጄ ክርክር የለም።